የብረቱን ቀለም ለባሌ ስነግረው

ባሌ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ወናፉን የምነፋው እኔ ነኝ። ከጋምቤላዋ አቦቦ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደራችን ዶማ የተሰበረበት፣ ማጭድ የደነዘበት፣ አዲስ መጥረቢያ ያማረው ሁሉ ወደ እኛ ዳስ ይመጣል። እሱ ብረቱ ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ፊት ይቆማል። እኔ ከሁለቱ የፍየል ቆዳ ወናፎች ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንዱን ስጫን ሌላውን እለቃለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ቦታዬ እዚያ ነው።

ከወሎ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እዚሁ በተከፈተው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ። ከዚያ እናቴን ወባ ገደለብኝና ቤት ያዝኩ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ የተበላሸውን ልጄ አቃንታልኛለች። አንዳንዱን ግን አታቃኚው፣ እንዳልኩት ይሁን ብያታለሁ።

የባሌ ዓይን የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ በግራው ላይ ሞራ ወጣበት። ሐኪም ይገፈፋል ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ከአዝመራ በኋላ፣ ከክረምት በኋላ እያለ አቆየው። ቀጥሎ አንድ ቀን ከጋለ ብረት የተፈናጠረ ፍንጣሪ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን አላየበትም። ያን ቀን ዓይኑን በውሃ ሳጥብ ውሃውን አንገቱ ላይ አፈስበት ነበር። «አይዞሽ» ይለኛል፣ የተጎዳው እሱ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ሳለን አንድ ቀን፣ ጭሱ በዝቷልና ብረቱ ምን መሰለ ብሎ ጠየቀኝ። ጭስ አልነበረም። እኔም ጭስ የለም አላልኩም፤ ያየሁትን ነገርኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ለቀለሞቹ ስም አወጣንላቸው። መጀመሪያ በርበሬ ነው። ቀጥሎ ማንጎ ይሆናል፣ ከዚያ የእንቁላል አስኳል። መጨረሻው ጥጥ ነው፤ ብረቱ ነጥቶ ጨው እሳት ላይ እንደተበተነ የሚፈነጣጠርበት ነው። ለማጭድና ለዶማ ማንጎ ይበቃል። ጥጥ የሚያስፈልገው ሁለት ብረት በእሳት እንዲያያዝ ሲፈለግ ብቻ ነው። ባሌ ቀለሙን እንደማያይ እኔ አውቃለሁ፤ እንደማውቅ እሱ ያውቃል። አንድም ቀን ግን አልተነጋገርንበትም።

እኔም ማንም ያልነገረኝን ነገር ማድረግ ጀመርኩ። ጥጥ የሆነ ብረት ሲመታ ፍንጣሪው ወደ ፊቱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብረቱ ገና አስኳል ሳለ «ጥጥ» እለው ነበር። ይመታል፤ ፍንጣሪም አይኖርም። የተያያዘው መጥረቢያ አንዳንዴ ከወር በኋላ ተላቅቆ ይመለሳል፤ ባሌ ከሰሉን ይረግማል፣ እንደገና እንሠራዋለን። መጥረቢያ ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ልቤን አሳርፈው ነበር። ሌላ ጊዜ ልቤ የሚያርፍ ሰው አይደለሁም። የተዘጋ በር ተመልሼ የማይ፣ ልጄ ባጃጅ ላይ ስትወጣ የሾፌሩን መልክ የምይዝ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ብቻ አረፍኩ።

የጠመንጃው ነገር የመጣው በዝንጀሮ ምክንያት ነው። የበቆሏችን ማሳ ከጫካው ጥግ ነው። እሸቱ ሲደርስ ከማማው ላይ ሆና የምትጠብቀው ልጄ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፣ እንደገና እስክትሞክር ድረስ ከእኛ ጋር ትሠራለች። ወንጭፍ ትወነጭፋለች፣ ቆርቆሮ ትደበድባለች። ዝንጀሮ ግን ሴት አይፈራም። ትልቁ ወንዱ ዝንጀሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እሸት እየፈለፈለ ያያታል። የአባቷን ሱሪና ኮት ለብሳ ወጣች፤ ሁለት ቀን ፈሩ፣ በሦስተኛው ተመለሱ።

አጎራባች ማሳ ያላት አኙዋክ ጎረቤቴ ይህን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ዝንጀሮው የእሷንም በቆሎ ስለሚበላ ሳቋ የንዴትም ነው። «ሱሪ የአባቷ ነው፤ እግር ግን ያንቺ ነው» አለችኝ። «ዝንጀሮ እግር ያያል።»

ባሌ ያኔ ነው የአባቱን ጠመንጃ ነገር ያነሣው። አባቱ ወሎ ሳሉ ጥይት የማይጎርስ፣ ባሩድ ከአፈሙዙ ተጨምሮ በዘንግ የሚጠቀጠቅበት ጠመንጃ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። እሱም ገና ጎረምሳ ሳለ አብሯቸው ሠርቷል። እዚህ ከመጣ ወዲህ ግን አንድም አልሠራም። አሁን እርሳስም ጠጠርም የማይገባበት፣ ባዶ ባሩድ የሚጮህበት አንድ ልሥራ አለ። ቀበሌ ሄዶ አስፈቀደ። ከማሳው እንዳይወጣ፣ ከድምፅ በቀር ሌላ እንዳይተኮስበት ተባብለው ፈረመ። ሲመለስ አረማመዱ ተለውጦ ነበር። ደስታው ደስ አለኝ። ሌሊቱን ግን ተቀምጬ ነው ያነጋሁት፤ ቤቴ ውስጥ ባሩድ ሊገባ ነው።

ከአሮጌ ተጎታች የተነቀለ ለስላሳ ጠፍጣፋ ብረት አገኘ። ሥራው እንዲህ ነው። ብረቱ ግሎ በአውራ ጣት ውፍረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ጫፍና ጫፉ ይደራረባል። ከዚያ ስንዝር በስንዝር እየጋለ፣ ጥጥ ሲሆን እየተመታ፣ የተደራረበው ይያያዛል። ዘንጉ ሲወጣ ቀዳዳው ይቀራል፤ የታችኛው ጫፍ ይደፈናል። ሰደፉን ከዋንዛ የጠረበችው ልጄ ናት። እጇ የአባቷን እጅ ይመስላል፤ ቀስ ብላ ነው የምትሠራ፣ የጠረበችውን በጉንጯ እየዳሰሰች ታያለች።

በርሜሉ፣ ማለት የጠመንጃው ቱቦ፣ አራት ቀን ፈጀ። አራቱንም ቀን ባሌ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቃሌን ይጠብቃል። እኔም እንደለመድኩት አስኳሉን «ጥጥ» እያልኩ አስመታሁት። አንድም ፍንጣሪ ፊቱ አልደረሰም። በሞረድ ሲሞርደው የመያያዣው መስመር ጠፋ፤ ከላይ ሲያዩት ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሩዝ እየለቀምኩ ነው። ከአቦቦ ግድብ አካባቢ የሚመጣ ሩዝ ጠጠር አያጣውም። ባሌ በርሜሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ለልጄ ያስረዳታል፤ መስመሩ የነበረበትን በጥፍሩ እየሄደበት ነው የሚነግራት። ይህ ሁሉ ልፋት ለዚህች መስመር ነው ይላታል። ባሩዱ ሲነሣ መውጫ ይፈልጋል፤ ደካማ ቦታ ካገኘ በአፈሙዙ መውጣቱን ይተውና በጎን ይወጣል። በጎን ደግሞ የተኳሹ ፊት ነው ያለው። «አንቺ አትፍሪ» አላት። «እያንዳንዱን ስንዝር ጥጥ እስኪሆን ጠብቄ ነው የመታሁት።»

እጄ ሩዙ ላይ ቀረ።

ያን ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብናገር ባሌ ስለ ዓይኑ በልጁ ፊት ሊያፍር ነው፤ ዝም ብል ልጄ ያን ብረት ጉንጯ ላይ ልታስጠጋ ነው። ሁለቱን ሳመዛዝን ሦስት ቀን አለፈ። በሦስቱ ቀን ያላደረግሁት የለም። የባሩዱን ቆርቆሮ ከዶሮዎቹ ጎጆ ሥር ደበቅኩት፤ ልጄ እንቁላል ስትለቅም አገኘችው። ዘንድሮ ዝንጀሮው ቀንሷል አልኩ፤ በማግስቱ ግማሽ መደብ በቆሎ ወሰዱ። መጥፎ ሕልም አየሁ ብዬ ለባሌ ነገርኩት። «አንቺ መቼ ሕልም ሳታይ አድረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ፣ እየሳቀ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጠመንጃው ተገጣጥሞ አለቀ። ልጄ ደጃፍ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች፤ ጠመንጃው ጉልበቷ ላይ ነው። ባሌ የሚጨሰውን ገመድ እየለካ ነው፤ ምላጩ ሲሳብ ወርዶ ባሩዱን የሚያቃጥለው ይህ ገመድ ነው። ከቤት ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ።

«አትተኩሺው» አልኳት።

«እማ ደግሞ ጀመረች» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ጥጥ አልሆነም ነበር።»

ባሌ ወደ ድምፄ ዞረ። «ምኑ?»

«ብረቱ። አስኳል እያለ ነው ጥጥ ሆነ ያልኩህ። ከመጀመሪያው ስንዝር እስከ መጨረሻው።»

«ለምን?»

«ለዓይንህ ብዬ።»

ከልጁ ጉልበት ላይ ጠመንጃውን አንሥቶ መስመሩን በጥፍሩ ዳሰሰው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ተያይዟል አለ፤ መዶሻው ይነግረኝ ነበር፣ ድምፁ ደህና ነበር አለ። ያን ጊዜ ልጄ በቤታችን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች።

«አባ፣ ቀለሙን አታየውም እንዴ?»

«ጭሱ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። አየሁት። ከዚያ ዘጋው። «እንፈትነዋለን» ብቻ አለ።

ማሳው ጥግ ካለ የተቆረጠ ግንድ ላይ ጠመንጃውን በገመድ አሰሩት። ባሌ ባሩዱን ለድምፅ ከሚበቃው ጥቂት ጨምሮ ጠቀጠቀው። ምላጩ ላይ ረጅም ሲባጎ አሰረና ሁላችንም ከትልቁ ኩይሳ ጀርባ ሄድን። ልጄን ክንዷን ይዤ ነበር፤ በኋላ ስታሳየኝ የጣቶቼ ምልክት ወጥቶባታል። ባሌ ቢስሚላሂ ብሎ ሳበ።

ድምፁ መሬት ውስጥ ገብቶ በእግራችን ወጣ። ጭሱ ሲገለጥ ሄደን አየን። በርሜሉ በመስመሩ ላይ ከታች እስከ መሀል እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ተከፍቷል። የጣት ያህል ብረት ተቆርሶ ግንዱ ውስጥ ተሰክቷል፣ ከሰደፉ በላይ፣ የሰው ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል። ልጄ በጣቷ ነካችው። ገና ትኩስ ነበርና እጇን ሰብሰብ አድርጋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። ማን ሞተ አለች። ማንም እንዳልሞተ ስታይ የተከፈተውን በርሜል ዞር ዞር ብላ ተመለከተችው። «ይህ ዝንጀሮ አያባርርም» አለች፤ «እናንተን ነው የሚያባርር።» ማንም አልሳቀም። እሷም ገብቷት ልጄን ከመሬት አንሥታ ልብሷን አራገፈችላት።

ባሌ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ዳሱም አልሄደም። ምግብ ሳቀርብ ይበላል፣ ውሃ ስሰጠው ይቀበላል፤ ፊቱን ግን ወደ እኔ አይመልስም። ዶማ ያመጡ ሰዎችን ታሟል ብዬ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ማንጎው ሥር ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ከእጄ የወጣውን ሁሉ አውቀዋለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። አንቺ የማላውቀውን አስመታሽኝ።»

እውነቱን ነው። ግን እኔም የተናደድኩት ነገር ነበረኝ፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደተናደድኩ አላወቅሁም።

«አንተም አያለሁ እያልክ አስነፋኸኝ» አልኩት።

ምን ያህል ታያለህ ብዬ ለምን እንዳልጠየቅሁት ጠየቀኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። «እኔም እንዳትጠይቂኝ እፈራ ነበር» አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከተጋባን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ እጄን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑንም ሊያሳይ ከአዝመራው በፊት ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን ተባባልን። በመጀመሪያ ግን ጠመንጃውን እሠራለሁ አለ። ያ የተከፈተ በርሜል መጨረሻ ሥራዬ እንዲሆን አልፈልግም አለ።

ልጄ ጋምቤላ ከተማ ሄዳ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር ካለ ብየዳ ቤት አሮጌ ጥቁር መነጽር ለምና አመጣች፤ ዓይንን ከጎንም የሚዘጋውን ዓይነት። ባሌ አድርጎ ወደ ማንጎው፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ካደረግሁማ ጭራሽ አላይም።»

«ማየቱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ልጄ ሞተር ሳይክል ነጂ መሰልክ አለችው። አወለቀው፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር። ፍንጣሪው ዓይኑን ከመታው ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደረገው መነጽር ታጥቶ አይደለም፤ መነጽር ያደረገ ቀን አላይም ማለቱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛውን በርሜል ስንሠራ የፈራሁትን ያህል ስወልድም አልፈራሁም። ወናፉን እነፋለሁ። ብረቱ ማንጎ ሆነ፤ ነገርኩት። አስኳል ሆነ። እዚህ ላይ ምላሴ የለመደውን ሊል ተነሣ።

«ምን መሰለ?» አለ ባሌ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

«አስኳል ነው። ቆይ።»

«አሁንስ?»

«ቆይ።»

ያ «ቆይ» ከሁሉ ከባድ ነበር። ከሰሉ ውስጥ ብረቱ እየነጣ መጣ፣ ጠርዙ የረጠበ መምሰል ጀመረ፣ ትንንሽ ኮከብ ይተፋ ጀመር። «ጥጥ» አልኩ። ሲመታው ፍንጣሪው ዳሱን ሞላው። ደረቱ ላይ፣ መነጽሩ ላይ፣ የእኔም ሻሽ ላይ ወደቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ግን የሚቀጥለውን ማየት ያለብኝ እኔ ነኝና ገለጥኩት። እሱ ፊቱን አልመለሰም። ሁለተኛውን ምት መታ።

ሁሉም አልቀናም። በሁለተኛው ቀን እንዳልቸኩል ብዬ ከልክ በላይ ቆየሁና ብረቱ ነደደ። እንደ ቆሎ እየተፈረፈረ ከጉጠቱ ወደቀ። ባሌ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለው። «ወይ ጥሬ ነው ወይ እርር ነው» አለኝ። «ወጥ ስትሠሪ እንዲህ አይደለሽም።» ልጄ ጉጠቱን ይዛ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በርሜሉ ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር አጠረ።

በዚያው ግንድ ላይ አስረን ሦስት ጊዜ ፈተንነው። ከየተኩሱ በኋላ ልጄ በርሜሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በውሃ ሞልታ የሚያንጠባጥብ ካለ ታያለች። በአባቷ ምትክ እሷ አየች፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ እኔ ደግሜ አየሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። አራተኛም እንሞክር አልኩ። በቃ አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

እሑድ ጠዋት ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ወጡ። ልጄ ማማው ላይ ናት፤ እኔና ባሌ ከሥር ቆመናል። ወደ ቤት ሂጂ ብለውኝ ነበር። ገመዱ ሲጨስ ሸተተኝ። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ጉንጯን አስጠጋች፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሣች። ከዚያ ጮኸ። ጫካው ውስጥ ያለ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ዝንጀሮዎቹ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም፤ ጎረቤቴ ከማዶ እልል እያለች ስለነበር ሄደዋል ማለት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነበር።

«ፊቷስ?» አለኝ ባሌ፣ ክንዴን ይዞ።

«ጥቀርሻ ነክቷታል። ሌላ ምንም የለም።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ግንባሯና ቀኝ ጉንጯ ጥቁር ነው። ዓይኗ ተከፍቷል። እየሳቀች ነው።»

ልጄ መሰላሉን ወርዳ አጠገባችን ስትደርስ ባሌ እጁን ዘረጋና በአውራ ጣቱ ጉንጯን ዳሰሰ፤ ከዓይኗ ሥር ጀምሮ እስከ አገጯ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ቃሌ አልበቃውም። አልተቀየምኩትም። ዳስሶ እስኪጨርስ ጠበቅሁና በሻሼ ጫፍ ፊቷን ጠረግሁላት።